አምስተኛው ጨዋታ ላይ የሚበላው ዓመት

በሴፕቴምበር 2018 የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አራት ጨዋታ ተጫውቶ አራቱንም አሸንፎ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአራተኛው ድል በኋላ በነበረው ሰኞ ግን አሰልጣኙ ዳቦ ስዊኒ የመጀመሪያ ኳርተርባክነቱን (ኳርተርባክ ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ ነው) ከኬሊ ብራያንት ወስደው፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና ለመጣው ለትሬቨር ላውረንስ ሰጡት። ብራያንት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት ቡድኑን የኮንፈረንሱ፣ ማለትም የሚወዳደርበት የኮሌጆች ማኅበር፣ ሻምፒዮን አድርጎ እስከ ብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድር አድርሷል። ሁለት ቀን አሰበበትና ቡድኑን ጥሎ ወጣ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ላውረንስ ከሲራክዩስ ጋር ሲጫወት ተመትቶ ወጣ፤ ክሌምሰን በሦስተኛው ኳርተርባክ 27 ለ 23 አሸንፎ ለጥቂት ተረፈ።

ከውጭ ለሚያየው የብራያንት ነገር ኩርፊያ ይመስላል። ኩርፊያም ይኖርበት ይሆናል፤ ውስጡ ግን ሂሳብ ነው። አምስተኛውን ጨዋታ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ቢገባ ያ ዓመት ለመወዳደር ከተፈቀዱለት አራት ዓመታት እንደ አንዱ ተቆጥሮ ይበላበት ነበር። ስላልገባ ዓመቱ ተረፈለትና በ2019 ለሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። ይህን ያስቻለው ደንብ ደግሞ ገና የሦስት ወር ዕድሜ ነበረው።

ደንቡ የሚጠራው «ሬድሸርት» በሚለው ስም ነው፤ ቀጥታ ትርጉሙ ቀይ ሸሚዝ። ዓመቱን ሳይጫወቱ አሳልፎ የመወዳደሪያ ወቅቱን ለኋላ ማቆየት ማለት ነው። በብዛት የሚነገርለት ታሪክ ወደ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ይወስደናል። በ1937 ዋረን አልፍሰን የተባለ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር ልምምድ እየሠራ ዓመቱን ሳይጫወት እንዲያሳልፍ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። በልምምድ ላይ የሚለብሰው ቁጥር የሌለው ቀይ ማሊያ ነበር ይባላል። ስሙ ከዚያ ቀረ። ዛሬ ቀይ የሚለብስ የለም። የሚሞላ ፎርም፣ የሚፈረም ወረቀትም የለም፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኙ በነሐሴ «ዘንድሮ ሬድሸርት እናደርገዋለን» ቢል ቃሉ ዕቅድ ነው እንጂ ውል አይደለም። ልጁ ሬድሸርት መሆኑ የሚታወቀው ወቅቱ ሲያልቅ፣ ስንት ጨዋታ እንደገባ ተቆጥሮ ነው።

የሂሳቡ መሠረት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አምስትና አራት። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በከፍተኛው ምድብ ላሉ ተጫዋቾች እስከ 2025ቱ የውድድር ዘመን ሲሠራበት በቆየው ደንብ፣ ልጁ በማንኛውም ኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ከተመዘገበባት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ይቆጠርለታል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ መወዳደር የሚችለው አራት ወቅት ብቻ ነው። ልዩነቷ አንዲት ዓመት፣ ሬድሸርት የምትባለዋ፣ እሷ ናት። ሰዓቱ ልጁ ቢጫወትም ባይጫወትም ይሄዳል። የሚያቆሙት ወይም የሚያራዝሙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የውትድርና አገልግሎት፣ የሃይማኖት ተልእኮ፣ እርግዝና፣ እንዲሁም ከተጫዋቹ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሁለት ወቅት ማጣት። የመጨረሻዋን ቀዳዳ እስከ ጥግ የተጠቀመባት ካም ማኮርሚክ ነው። በ2016 ኦሪጎን ገብቶ፣ ጉዳት ላይ ጉዳት ተደራርቦበት፣ በተጨማሪም ኮቪድ ያመጣው ነፃ ዓመት ተጨምሮለት፣ በ2024 ለማያሚ ዩኒቨርሲቲ ዘጠነኛ ዓመቱን ተጫወተ። አብረውት ኮሌጅ ከገቡት ውስጥ በዚያ ጊዜ ሐኪም ለመሆን የበቃ ሊኖር ይችላል።

ፍሬሽማኖች፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ ዋናው ቡድን ውስጥ መጫወት የቻሉበት ታሪክ ራሱ ረጅም አይደለም። እስከ 1972 ድረስ በፉትቦልና በቅርጫት ኳስ አይፈቀድላቸውም ነበር። ሁሉም የመጀመሪያ ዓመቱን በልምምድና በፍሬሽማን ቡድን ያሳልፋል፤ በሌላ አነጋገር ሁሉም ሬድሸርት ነበር ማለት ይቻላል። በሩ ሲከፈት ጥያቄው ወደ አሰልጣኙ ጠረጴዛ መጣ፦ ይህን የ18 ዓመት ልጅ አሁን ላሰልፈው ወይስ ላቆየው?

ለማቆየት በቂ ምክንያት ነበር። የአጥቂው መስመር ተጫዋች የሚሆን ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ሲመጣ ቁመት ይኖረዋል፣ ጉልበት ግን ገና አልደረሰለትም፤ ከፊቱ የሚቆመው የ22 ዓመት ጎልማሳ ነው። ዓመት ሙሉ ክብደት እያነሣ፣ እየበላ፣ የቡድኑን የጨዋታ መጽሐፍ እያጠና ቢቆይ በአምስተኛው ዓመቱ ሌላ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ የሚያባክናት ወቅት አምስተኛው ዓመት ላይ ብትውል ዋጋዋ ብዙ እጥፍ ነው። ለዚህ ከጆ ቡሮ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2015 ኦሃዮ ስቴት ሬድሸርት አደረገው። በ2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ተዛወረ፤ እዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ መልካም ነበር፣ አጃኢብ የሚያሰኝ ግን አልነበረም። በ2019 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማትና የብሔራዊውን ሻምፒዮና አንድ ላይ ወሰደ፤ በ2020 የፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድን ሲንሲናቲ ከሁሉም ቀድሞ መረጠው። ያ 2019 አምስተኛ ዓመቱ ነበር። በ2015 አንድ ሁለት ጊዜ ለይስሙላ አስገብተውት ቢሆን ኖሮ የኮሌጅ ታሪኩ በ2018 ያልቅ ነበር።

«አንድ ሁለት ጊዜ ለይስሙላ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2018 በፊት ደንቡ ምሕረት አያውቅም ነበር። ኳሱ ተነሥቶ እስኪቆም ያለችው ጥቂት ሰከንድ ትበቃለች፤ ፍሬሽማኑ ለእሷ ብቻ ሜዳ ከገባ ወቅቱ በሙሉ እንደተጫወተ ይቆጠርበታል። በኖቬምበር ላይ ሁለት ተከላካይ ተጎድቶ አሰልጣኙ ሌላ ሰው ሲያጣ፣ አስር ሳምንት ተቀምጦ የከረመውን ልጅ ያስገባዋል። ልጁ ደስ ብሎት ይሮጣል። በዚያች ሩጫ ግን አንድ ዓመት ሄደ። ወሳኙ አሰልጣኝ፣ ከፋዩ ልጅ።

በጁን 2018 የከፍተኛው ምድብ ምክር ቤት ይህን ለወጠው። ተጫዋቹ እስከ አራት ጨዋታ ድረስ ቢገባም ዓመቱ አይበላበትም ተባለ። መደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ ነው፤ አራት ማለት ሲሶው ነው። አራቱ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ የመጀመሪያዎቹም የመጨረሻዎቹም ሊሆኑ ይችላሉ። ሜዳ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ የሚል ጥያቄ የለም፤ ሙሉ ጨዋታም አንዲት ምትም እኩል አንድ ናቸው። ልምምድ፣ ከቡድኑ ጋር መጓዝ፣ ማሊያ ለብሶ ዳር መቆም አይቆጠሩም። በኋላ የመጣ ማስተካከያ ደግሞ የኮንፈረንስ ፍጻሜን፣ ቦውል የሚባሉትን ከመደበኛው ወቅት በኋላ የሚደረጉ ጨዋታዎችንና ብሔራዊውን ጥሎ ማለፍ ከቁጥሩ አውጥቷቸዋል።

ለውጡን አጥብቀው የፈለጉት አሰልጣኞቹ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። የራሳቸው ችግር ነበረባቸው። ወቅቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሰው ያልቃል፦ ከፊሉ ይጎዳል፣ ከፊሉ ለፕሮፌሽናል ሊግ አካሉን ለማዳን ቦውል ጨዋታውን ይተዋል። በ2016 ክርስቲያን ማካፍሪና ሊዮናርድ ፎርኔት የቡድናቸውን ቦውል ሲተዉ ብዙ ጫጫታ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተለመደ ነገር ሆኗል። አሰልጣኙ ያን ክፍተት በፍሬሽማን መሙላት ፈለገ፣ የልጁን ዓመት ሳይበላ። ለልጆቹም ጥሩ ነበር፤ በልምምድ ብቻ ከመሰልቸት አራት ጊዜ ሰው ፊት መታየት ይሻላል። ሁሉም ወገን አጨበጨበ።

ብዙዎች ልብ ያላሉት ነገር በደንቡ ውስጥ «ፍሬሽማን» የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። አራቱ ጨዋታ ለሁሉም ዓመት ተማሪ ይሠራል፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ እስካለ ድረስ። ቀድሞ ሬድሸርት ያልነበረ አራተኛ ዓመት ተማሪ አራት ጨዋታ ተጫውቶ «በቃኝ» ቢል ዓመቱ ይተርፍለታል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሦስት ወር ብቻ፤ ብራያንት ያንን ቀዳዳ አገኛት።

በተከታዩ ዓመት ሂውስተን ላይ የሆነው የባሰ ነበር። ቡድኑ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ተሸነፈ፤ ኮከቡ ኳርተርባክ ዴሪክ ኪንግ ቀሪውን ወቅት እንደማይጫወት አስታወቀ። አልሄድም፣ እዚሁ እቆያለሁ ብሎም ነበር። በ2020 ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ። በ2024 ደግሞ ማቲው ስሉካ በላስ ቬጋሱ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም ካሸነፈ በኋላ ሬድሸርት ሆኜ እወጣለሁ አለ። የእሱ ወገን እንደሚለው በቃል የተገባለት 100,000 ዶላር አልተከፈለውም። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ የገባሁትን ሁሉ ፈጽሜያለሁ አለ። ማን እንደዋሸ ለመፍረድ አልችልም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ከአምስተኛው ጨዋታ በፊት ያለው ሳምንት የመደራደሪያ ሳምንት ሆኗል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምረዳው የሚከተለውን ነው። ስለ ሬድሸርት ሲወራ ሁልጊዜ «ለልጁ የተሰጠ ተጨማሪ ዓመት» ተብሎ ነው። ዓመቱን ግን የሰጠ የለም፤ አምስቱ ዓመት ድሮም የልጁ ነበሩ። የተለወጠው ቆጣሪው በማን እጅ እንደሆነ ነው። እስከ 2017 ድረስ በአሰልጣኙ እጅ ነበር፤ ማስገባትም ማስቀመጥም የእሱ ነው። የአራት ጨዋታው ደንብ ቆጣሪውን ለተጫዋቹ አሳለፈለት፤ አልገባም ማለት ይችላልና። ብቻውን ቢሆን ትንሽ ለውጥ ሆኖ ይቀር ነበር። በ2018 መኸር ዝውውርን ያቃለለው ትራንስፈር ፖርታል፣ መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት ዝርዝር፣ ተከፈተ፣ በጁላይ 2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፣ በ2024 ትምህርቱን እስከተወጣ ድረስ ተጫዋቹ ያለ ቅጣት በፈለገው ጊዜ ሁሉ እንዲዛወር ተፈቀደለት። እነዚህ ተደምረው ነው የተረፈች አንዲት ዓመት በገበያ የምትሸጥ ዕቃ የሆነችው። ድሮ አምስተኛ ዓመት ማለት በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው አሰልጣኝ ሥር አንድ ተጨማሪ መኸር ነበር።

ለታላላቆቹ ኮከቦች ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቅም። ፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚጠይቀው ከሁለተኛ ደረጃ ከወጡ ሦስት ዓመት መሙላት ብቻ ነው፤ ሬድሸርት የነበረውም ሰዓቱ እኩል ይሞላለታል። በሦስተኛ ዓመቱ ሊሄድ ለተዘጋጀ ልጅ አምስተኛ ዓመት የማይደርስበት ነገር ነው። ሬድሸርት የሚያሳስበው መካከለኛውን ልጅ ነው፣ በ19 ዓመቱ ያልበሰለውን፣ ጉልበቱ ያልተሳካለትን፣ ከፊቱ ሦስት ሰው የተሰለፈበትን።

ስለ ጉዳት አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ነገሮች ይቀላቀላሉና። የሕክምና ሬድሸርት የሚባለው ሌላ በር ነው፣ በማመልከቻና በሐኪም ማስረጃ የሚከፈት። ጉዳቱ ወቅቱን የሚያስጨርስ መሆን አለበት፣ በመጀመሪያው የወቅት አጋማሽ የደረሰ፣ ልጁም ከወቅቱ ከ30 በመቶ በላይ ያልተጫወተ። ከ12 ጨዋታ 30 በመቶው ወደ አራት ይጠጋል፤ ስለዚህ ከ2018 ወዲህ ሬድሸርቱን ገና ላልተጠቀመ ልጅ የሕክምናው በር እምብዛም አያስፈልገውም። የሚጠቅመው አንድ ጊዜ ተቀምጦ በሌላ ዓመት ደግሞ ጉልበቱ ለተሰበረበት ነው፤ ስድስተኛ ዓመት የሚለመነው በዚያ መንገድ ነው። የትምህርት ሬድሸርትም አለ፦ በሁለተኛ ደረጃ ዋና ዋና ትምህርቶች አማካይ ውጤቱ ከ2.3 በታች፣ ከ2.0 ያላነሰ ልጅ ስኮላርሺፕ ተቀብሎ ልምምድ ይሠራል፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ግን አይወዳደርም።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በዳላስ ወይም በሚኒሶታ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ወገኖቻችን ዘንድ ይህ ወሬ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎረብጠው «አምስተኛ ዓመት» የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ዓመት የጨመረ ተማሪ «ደገመ» ይባላል፣ መድገም ደግሞ ጎረቤት የማይሰማው ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ግን ሬድሸርት የሆነው ልጅ ከትምህርቱ ወደኋላ አልቀረም። ደንቡ ራሱ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የዲግሪውን 40 በመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 በመቶ እንዲጨርስ ያስገድደዋል። ብዙዎቹ በአራተኛው ዓመት ተመርቀው አምስተኛውን በማስተርስ ነው የሚያሳልፉት፤ ቡሮም ከኦሃዮ ስቴት የወጣው ዲግሪውን ይዞ ነው። ወላጅ መጠየቅ ያለበት ልጁ ለምን ተቀመጠ የሚለውን አይደለም፤ ስኮላርሺፑ አምስተኛውን ዓመት በጽሑፍ ይሸፍናል ወይ የሚለውን ነው።

የእኛ ልጆች በብዛት የሚገኙበት ደግሞ ሩጫው ነው፣ እዚያም ሬድሸርት አለ፣ አራት ውድድር የሚባል ምሕረት ግን የለም። የትምህርት ቤቱን ማሊያ ለብሶ አንድ ጊዜ ከሮጠ ያ ወቅት ተቆጠረ። የመልካም ዕድል ነገር ሆኖ አገር አቋራጩ፣ የቤት ውስጡና የውጭው ውድድር ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ በመኸር የተቀመጠ በክረምት ሊሮጥ ይችላል። በየከተማው ክፍት ውድድር ላይ ከስሙ ጎን ትምህርት ቤት ያልተጻፈለት፣ በራሱ ገንዘብ መጥቶ በራሱ ካናቴራ የሚሮጥ የኮሌጅ ልጅ ካያችሁ ሬድሸርት ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። አልፍሰን በ1937 ከለበሰው ቁጥር አልባ ማሊያ ጋር የሚመሳሰለው ይኼ ነው።

ወደ ፉትቦሉ ልመለስና፣ ጉዳዩ አሁን ከሜዳ ወጥቶ ፍርድ ቤት ገብቷል። መንገዱን የከፈተው የቫንደርቢልቱ ኳርተርባክ ዲዬጎ ፓቪያ ነው። ፓቪያ የጀመረው በሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ በኒው ሜክሲኮ ወታደራዊ ተቋም ነበር፤ የኤንሲኤኤ ደንብ እዚያ የተጫወተበትን ወቅትም ከአራቱ ላይ ይቀንሳል። ፓቪያ ይህ ገቢዬን የሚገድብ፣ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን የሚጥስ ነው ብሎ ከሰሰ። በዲሴምበር 2024 የቴኔሲው ፌዴራል ዳኛ ዊሊያም ካምቤል ጊዜያዊ እግድ ሰጡለት፤ ኤንሲኤኤም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላሉ ለሌሎች ሁሉ ለአንድ ዓመት በሩን ከፈተ። ፓቪያ 2025ን ተጫውቶ ለሃይዝማን ሁለተኛ ወጣ። ቁጥሩ በዳኛ ብዕር ሊለወጥ እንደሚችል አገር ሁሉ አየ።

በሴፕቴምበር 2025 ላንግስተን ፓተርሰን የተባለ የዚያው የቫንደርቢልት ተከላካይ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ሆኖ በራሱ በሬድሸርት ደንብ ላይ ክስ አቀረበ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ለመመለስ ግን ያስቸግራል። አምስት ዓመት መማር ይፈቀድልኛል፣ አምስት ዓመት ልምምድ መሥራት ይፈቀድልኛል፣ ለምን አምስተኛውን መወዳደር አይፈቀድልኝም? አንድ ዓመት የተቀመጠው ጓደኛዬ በአምስተኛው ዓመት ሲጫወት፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ተፈልጌ ያገለገልኩት እኔ እባረራለሁ። ፍሬሽማን ሆኖ ለመሰለፍ የበቃው ይቀጣል፣ ያልበቃው ይሸለማል። በ2010 ይህን ቢል ማንም አይሰማውም ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ወቅት በዶላር ይተመናል። ተጫዋቾች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡትን ክስ ለመቋጨት ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በጁን 2025 ያጸደቁት ስምምነት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲያካፍሉ ፈቅዷል። ደመወዝ ካለ፣ ከሥራ የሚያስወጣህ ደንብ ምክንያት ይጠየቃል።

በ2025 በሰፊው ሲመከርበት የነበረው መፍትሔ አምስት ዓመት፣ አምስት ወቅት የሚለው ነው። ሬድሸርት የሚባለው ነገር ይጠፋል፣ አራተኛውን ጨዋታ የሚቆጥር አይኖርም፣ የሕክምና ማመልከቻውም አብዛኛው ይቀራል። ለንጽሕናው እኔም እወደዋለሁ። ብራያንትና ስሉካ ያደረጉትን ለማድረግ ምክንያቱ ይቀንሳል፤ መሃል ወቅት ላይ የወጣ ሰው ያንን ዓመት እንደሌላው ሁሉ ያጣዋል። ፍሬሽማኑም ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ቢያስፈልግ ይገባል፣ የሚያስብበት የለም።

ሆኖም ያው የ2025 ስምምነት ሌላ ቁጥር አምጥቷል፦ አንድ የፉትቦል ቡድን መያዝ የሚችለው 105 ተጫዋች ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተገደበው ስኮላርሺፑ ነበር፣ 85፤ በራሳቸው ወጪ የሚመጡ ተጨማሪ ልጆች ቡድኑን ከዚህ በላይ ያሰፉት ነበር። ግድግዳው 105 ላይ ሲቆም ለአምስተኛ ዓመት የቀረ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ወንበር ይይዛል። አሰልጣኙ ደግሞ መካሪ አያስፈልገውም፤ የ23 ዓመቱን የተፈተነ ሰው ከፖርታል ማምጣት እየቻለ የ18 ዓመቱን ልጅ ለምን ያሳድጋል? ድሮ ሬድሸርት አድርጎ ያቆየው የነበረው ያን ልጅ ነው። ዓመት የሚጠብቅለት ስላለ ነበር ወንበር የሚሰጠው። ፓተርሰን ቢያሸንፍ የሚጠቀመው ዛሬ ቡድን ውስጥ ያለው ነው፤ ዲሴምበር ላይ ለመፈረም ስልክ እየጠበቀ ያለው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ችሎት ላይ ጠበቃ አላቆመም።